ባሌስትራ ወይስ ሞላ? የአሮጌው ላንድ ክሩዘር የፊት እግር ክርክር

በባሕረ ሰላጤው አገሮች አሮጌ መኪና ማሳደስ የጥቂት ባለጸጎች መዝናኛ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በሻርጃ የጥንታዊ መኪኖች ሙዚየም፣ ከአቡ ዳቢ በስተደቡብ በሚገኘው የኤምሬትስ ብሔራዊ የመኪና ሙዚየም፣ እንዲሁም በኳታሩ የሼኽ ፈይሰል ሙዚየም ጎብኚን ከሚያስደምሙት ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጡ ናቸው። ከሙዚየሞቹ ደጃፍ ውጭ ግን በአካባቢው ሕዝብ ትዝታ ውስጥ ጠልቆ የተቀመጠው ቅንጦት የማያውቅ፣ ለአሸዋና ለድንጋይ የተሠራ አንድ መኪና ነው። እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው ቶዮታ ላንድ ክሩዘር 40 ነው።

ላንድ ክሩዘር በአካባቢው ስሙን የተከለው አብዛኛው መንገድ ገና አስፋልት ባላየበት ዘመን ነበር። በሳዑዲ ዓረቢያ የአብዱል ለጢፍ ጀሚል ድርጅት የቶዮታን ወኪልነት የያዘው በ1955 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት መኪናው የግመልን ሸክም ተረክቦ ውኃ፣ መኖና ቤተሰብ አመላልሷል። ዛሬ ከእነዚህ መኪኖች የተረፉት እየተፈለጉ ይገዛሉ፤ ተፈታትተውም ይታደሳሉ።

በእድሳቱ ሂደት የቀለም ምርጫና የወንበር ልባስ ብዙ ጠብ አያስነሱም። ክርክሩ የሚጀምረው መኪናው ወደ ላይ ተነሥቶ ሆዱ ሲታይ ነው። የፊት እግሩ ፋብሪካው እንደ ሠራው ይታደስ ወይስ በዘመናዊ ሥሪት ይለወጥ? ጥያቄው የምቾት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የተሳፋሪዎችን ደኅንነት፣ የመኪናውን ማንነትና በሻጭና በገዢ መካከል ያለውን መተማመን አንድ ላይ ይዞ ይነሣል።

ፋብሪካው የሠራው ምን ነበር?

የላንድ ክሩዘር 40 ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል የተያያዙ ናቸው። አክስሉን የተሸከሙት በሻንሲው ግራና ቀኝ ወደ ርዝመቱ የተዘረጉ ባሌስትራዎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ባሌስትራ በተደራረቡ የብረት ንጣፎች የተሠራ ነው። የባሌስትራው የኋላ ጫፍ ከሻንሲው ጋር ሳይንቀሳቀስ ይታሰራል፤ የፊተኛው ጫፍ ደግሞ በሚወዛወዝ ማያያዣ ይንጠለጠላል። የአይሱዙ የጭነት መኪና ጥገና ያየ ሰው ይህን አሠራር በሚገባ ያውቀዋል።

ጎማው ድንጋይ ሲገጥመው ቀስት የመሰለው ባሌስትራ ይዘረጋል፤ ሲዘረጋም ይረዝማል። የኋላ ጫፉ የታሰረ ስለሆነ የሚረዝመው ወደ ፊት ነው። በዚህ ምክንያት አክስሉ ከድንጋዩ ከመሸሽ ይልቅ ወደ ድንጋዩ ይገፋል፤ ሾፌሩም ምቱን በእጁና በወገቡ ይቀበለዋል። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት በአጭሩ ሞዴል 2285 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑ ደግሞ መኪናውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንገጫግጨዋል። ንጣፎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉም ትንንሽ ጉድጓዶች ሳይለዝቡ ወደ ካቢናው ይደርሳሉ።

ይህ ሁሉ ግን ከመሐንዲሶቹ አላዋቂነት የመጣ አይደለም። ባሌስትራ ጭነት ይሸከማል፤ አክስሉንም ያለ ተጨማሪ ክንድ በቦታው ይይዛል። አንድ ንጣፍ ቢሰበር መኪናው ቀስ እያለ ወደ ቤት ይመለሳል፤ የገጠር ብረት ሠሪም ሊጠግነው ይችላል። ከጋራዥ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚጓዝ ሰው ይህ ከምቾት የሚበልጥ ጸጋ ነበር።

የለዋጮች ሙግት

የፊት እግሩ ይለወጥ የሚሉት ወገኖች የሚያነሡት ምክንያት ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። መኪናው የተሠራው ለጥርጊያ መንገድ ሲሆን ዛሬ የሚነዳው ግን ከባድ መኪኖችና ፈጣን አውቶሞቢሎች በሚተላለፉበት ሰፊ አውራ ጎዳና ላይ ነው። ቀደምቶቹ ሞዴሎች በአራቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን ነበራቸው፤ የፊት ዲስክ ፍሬን የመጣው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። በዚያ ዘመን የነበረውን ፍጥነት ታሳቢ ያደረገ የፊት እግር ለዛሬው ትራፊክ አይበቃም ይላሉ።

ፋብሪካውንም ምስክር ይጠሩታል። የእንግሊዙ ሬንጅ ሮቨር በ1970 ወጥ አክስልን ከጥቅል ሞላ ጋር አጣምሮ ለገበያ ሲቀርብ፣ ጠንካራ መኪና ምቹም ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ቶዮታም በ1990 በወጣው ላንድ ክሩዘር 80 ወደ ጥቅል ሞላ ተሻገረ። በበረሃ ሥራ የታወቀው የ70 ሞዴል ቤተሰብም በ1999 የፊት ባሌስትራውን ትቶ ሞላ ለበሰ። አምራቹ ራሱ የተወውን ነገር እኛ ስለ ምን እንጠብቃለን? የሚለው ጥያቄያቸው ከዚህ ይነሣል።

ለውጡ የሚያስከፍለው

ነገር ግን ለውጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እያንዳንዱም የራሱን ዕዳ ይዞ ይመጣል።

ቀላል የሚመስለው የመኪናውን ፊት ረጅም ማያያዣ በመግጠም ከፍ ማድረግ ነው። የባሌስትራው የፊት ጫፍ ከሻንሲው ሲርቅ አክስሉ ወደ ፊት ይዞራል፤ ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ወደ ኋላ የነበረው ዝንባሌም ይቀንሳል። መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ወደ መሐል እንዲመለስ የሚያደርገው ይህ ዝንባሌ ስለሆነ፣ ሲጎድል መኪናው በፍጥነት ጊዜ መንገዱን ይስታል። በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የብረት ሽብልቅ ማስገባት ዝንባሌውን ይመልሳል፤ ሆኖም የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ወደ ታች ስለሚያዞረው ኃይል አስተላላፊው ዘንግ በሰላ ማዕዘን እንዲሠራ ይገደዳል።

ሁለተኛው የሚወዛወዘውን ማያያዣ ከፊት ወደ ኋላ ማዛወር ነው። በዚህ ጊዜ አክስሉ ከምቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ጉዞው በእርግጥ ይለዝባል። በአንጻሩ አክስሉ ወደ ማርሽ ክፍሉ በተጠጋ ቁጥር አስተላላፊው ዘንግ ይበልጥ መታጠፍና ማጠር አለበት፤ ለዚህ ያልተዘጋጀ ዘንግ ይጋጫል። ፍሬን ሲያዝም የመኪናው አፍንጫ ከቀድሞው ይበልጥ ሊያጎነብስ ይችላል።

ሦስተኛውና ትልቁ ባሌስትራውን ጨርሶ አውጥቶ ጥቅል ሞላ መግጠም ነው። ሞላ ክብደት ይሸከማል እንጂ አክስልን በቦታው አይዝም። ስለዚህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚይዙ ክንዶች፣ ወደ ጎን የሚገታ አግዳሚ ዘንግ፣ ለሁሉም ማሰሪያ የሚሆኑ አዳዲስ መደገፊያዎች ያስፈልጋሉ። አግዳሚው ዘንግና የመሪው ዘንግ በርዝመትና በማዕዘን ካልተስማሙ መኪናው ጉድጓድ በረገጠ ቁጥር መሪው በራሱ ይዞራል። ይህን ሁሉ ለማስላት ብየዳ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ የምህንድስና ዕውቀት ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ ሻንሲው ይቆረጣል። በላንድ ክሩዘር 40 የሻንሲው መለያ ቁጥር የተመታው በፊት በኩል፣ በቀኙ የሻንሲ ክንድ ላይ ነው። ማያያዣዎቹን ለመንቀል የገባ መፍጫ ይህን ቁጥር ቢያጠፋ፣ መኪናው ከሰነዱ ጋር የሚያገናኘውን ማንነቱን ያጣል። የጠፋ ንጣፍ ይገዛል፤ የጠፋ ቁጥር ግን አይገዛም።

ጥፋቱ የንድፉ ነው ወይስ የእርጅናው?

በክርክሩ መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ አለ። ዛሬ አሮጌውን የፊት እግር የሚያማርሩት አብዛኞቹ ባለቤቶች ጤነኛውን የፊት እግር ነድተውት አያውቁም። የነዱት አርባና ሃምሳ ዓመት ያገለገለውን፣ ንጣፎቹ በዝገት የተጣበቁትን፣ ጎሚኒዎቹ የተፈረፈሩትንና አሞርዛተሩ ዘይቱን የጨረሰውን ነው። የተጣበቀ ባሌስትራ ሞላ መሆኑ ቀርቶ ምሰሶ ይሆናል።

ስለዚህ ልምድ ያለው መካኒክ መፍጫ ከማንሣቱ በፊት በቅደም ተከተል ይመረምራል። ባሌስትራዎቹን ፈትቶ ዝገቱን ያነሣል፤ የደከሙትን ንጣፎች ይለውጣል፤ ጎሚኒዎቹን ያድሳል። በአክስሉ ጫፎች ጎማው የሚዞርባቸውን ኩሽኔታዎች አይቶ ጥብቀታቸውን በስስ ማስተካከያ ንጣፎች ያስተካክላል። የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰውን የመሐል ክንድና የመሪ ዘንግ ጫፎችን ይፈትሻል። በተወሰነ ፍጥነት ላይ የፊት ጎማዎችን በድንገት የሚያንቀጠቅጠውና ሾፌርን የሚያስደነግጠው ችግር ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከእነዚህ ልቅ መጋጠሚያዎች ነው። በልቅ መጋጠሚያ ላይ አዲስ ሞላ መግጠም በሽታውን ሳያክሙ ልብስ እንደ መለወጥ ይቆጠራል።

የጎማም ድርሻ አለ። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ ማናቸውንም የፊት እግር ያደድራል። የበረሃ ሾፌሮች አሸዋ ከመግባታቸው በፊት የጎማውን ንፋስ መቀነሳቸው፣ ወደ አስፋልት ሲመለሱ ደግሞ መሙላታቸው ከዚህ ጋር የተያያዘ ጥበብ ነው።

«ኦርጅናል» የሚለው ቃል ትርጉም

በ1966 የተመሠረተው የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ ታሪካዊ የሚለው መኪና ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ታሪኩን በጠበቀ ሁኔታ የተያዘና ለዕለት ተዕለት መመላለሻ የማያገለግል ነው። ፌዴሬሽኑ በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር፣ ሐውልቶችና ሕንጻዎች የሚጠበቁበትን የ1964ቱን የቬኒስ ቻርተር መንፈስ ተከትሎ፣ መኪናንም እንደ ታሪክ ሰነድ ያያል። ቻርተሩ ለውጥን ፈጽሞ አይከለክልም፤ ይልቁንም ለውጡ የማይጎላ፣ ወደ ነበረበት ሊመለስ የሚችል እንዲሆንና የተነሡት ዋና ዋና ዕቃዎች ከመኪናው ጋር እንዲቀመጡ ይመክራል።

መኪና የታሪክ ሰነድ ነው ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ለአዲስ አበባ ሰው በቮልስ ማስረዳት ይቻላል። የቮልስ የፊት እግር እስከ 1965ቱ ሞዴል ድረስ በቋሚ ፒን የሚዞር ነበር፤ በ1966 ሞዴል ወደ ክብ መጋጠሚያ ተለወጠ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከሞዴሎቹ አንዳንዶቹ ጥቅል ሞላ ያለበትን ሥሪት ያዙ። ዐዋቂ ሰው ከሥር ጎንበስ ብሎ አይቶ የመኪናውን ዕድሜ ይገምታል። የፊት እግሩ ሲለወጥ ያ ገጽ ከመጽሐፉ ይቀደዳል።

ይኸው ምሳሌ ግን ለሌላውም ወገን ይመሰክራል። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው በየዓመቱ ያሻሽሉ ስለነበር «ኦርጅናል» አንድ የቆመ ነጥብ አይደለም። የ1960ዎቹን ላንድ ክሩዘር ከዚያው ቤተሰብ በኋላ የመጣውን የዲስክ ፍሬን ማልበስ የመኪናውን ዝርያ አያፈርስም፤ የሚገጠመውም ሻንሲው ሳይቆረጥ ነው።

መካከለኛው መንገድ

ከሁለቱ ጫፎች መካከል የሚገኘው መንገድ በአንድ መለኪያ ሊጠቃለል ይችላል፤ እርሱም በብሎን የሚገባውና በብሎን የሚወጣው ይፈቀድ፣ በመፍጫና በብየዳ የሚመጣው ግን ሁለት ጊዜ ይታሰብበት የሚል ነው። የተሻለ አሞርዛተር፣ በትክክለኛ ክብደት የተሠራ አዲስ ባሌስትራ ወይም ንጣፎቹ ጥቂት የሆኑና መፋተጋቸው የቀነሰ ባሌስትራ፣ እንዲሁም ዲስክ ፍሬን ከዚህ ክፍል ይመደባሉ። የወጡት ዕቃዎች በዘይት ተቀብተው፣ ምልክት ተደርጎባቸው ይቀመጣሉ፤ ሥራውም በፎቶግራፍና በጽሑፍ ይመዘገባል።

ቀድሞውኑ የተቆረጠ፣ ሻንሲው የተበላ ወይም ኦርጅናል ዕቃው የባከነ መኪና ሲሆን ፍርዱ ሊለይ ይችላል። እንዲህ ያለውን መኪና በብቁ መሐንዲስ እጅ ወደ ሞላ ማሻገር ታሪክን ማጥፋት አይሆንም፤ ከመጣል ማዳን ነው። በዚህ ጊዜም ሥራው ከመጀመሩ በፊት የትራፊክ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይገባል፤ ያለ ፈቃድ ሻንሲን መለወጥ በምርመራ ጣቢያ ከመውደቅ አልፎ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል።

የመጨረሻው ጉዳይ የግብይት ነው። ያልተነካ መኪናና የተለወጠ መኪና በገበያ አንድ ዋጋ የላቸውም። ለውጡን በቀለም ሸፍኖ «እንደ ነበረ ነው» ብሎ መሸጥ ገዢውን በገንዘቡም በሕይወቱም ይጎዳል፤ ምክንያቱም አዲሱ ባለቤት የማያውቀውን ብየዳ በአውራ ጎዳና ላይ በፍጥነት ሊፈትነው ነው። የዕቃን ጉድለት ለገዢ መግለጥ ደግሞ በእስልምና የግብይት ሥርዓት የሻጭ ግዴታ ነው።

ሠርግና በዓል ለማድመቅ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለመናፈስ የሚወጣ መኪና በጤነኛ ባሌስትራ በደስታ ይኖራል። ዘወትር ሥራ የሚያመላልስ መኪና የሚፈልግ ሰው ግን አሮጌውን ቆርጦ አዲስ ለማስመሰል ከሚደክም፣ ፋብሪካው ራሱ ሞላ ያለበሰውን ኋለኛውን ሞዴል ቢገዛ ወጪውም አደጋውም ያንስለታል፤ አሮጌው ላንድ ክሩዘርም ሻንሲው ሳይቆረጥ ለሚቀጥለው ባለቤት ይተርፋል።