ዲስክ የሚጸዳው ስንት ጊዜ ሲጻፍበት ነው?

ኮምፒውተራችንን ስንሸጥ ወይም ለሌላ ስንሰጥ ፋይሎቹን አጥፍተን፣ ዲስኩን ፎርማት አድርገን ሥራው ያለቀ ይመስለናል። በሃርድ ዲስክ ላይ ግን ፋይል ሲጠፋ ወይም ፈጣን ፎርማት ሲደረግ የሚሰረዘው ማውጫው ነው። መረጃው ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ከቦታው አይነሳም።

ሲምሰን ጋርፊንከልና አቢ ሼላት የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በተግባር አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከገዟቸው ያገለገሉ ዲስኮች መካከል 129ኙ ይሠሩ ነበር፤ በአግባቡ የጸዱት ግን 12 ብቻ ሆነው ተገኙ። በቀሩት ውስጥ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮችና የሕክምና ደብዳቤዎች ሳይቀሩ ነበሩ።

መፍትሔው በመረጃው ላይ ሌላ መጻፍ ነው። ስንት ጊዜ? ክርክሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የኒውዚላንዱ ፒተር ጉትማን 35 ዙር ያለው ዘዴ አቀረበ። ዙሮቹ የበዙት በዘመኑ የነበሩትን የተለያዩ የዲስክ ዓይነቶች ሁሉ እንዲሸፍኑ ታስቦ እንጂ አንድ ዲስክ 35ቱም ስለሚያስፈልጉት አልነበረም። ብዙዎች ግን ቁጥሩን እንደ ደንብ ያዙት፤ ጉትማን ራሱ በኋላ ይህን ነቅፏል። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ ለዘመናዊ ሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዙር እንደሚበቃ ገልጿል።

መረጃን በማግኔት ሳይሆን በጥቃቅን ኤሌክትሮኒክ ሕዋሳት የሚይዘው ኤስኤስዲ ሲመጣ ጥያቄው ራሱ ተለወጠ። ኤስኤስዲ አዲስ ጽሑፍ ሲመጣለት አሮጌው ባለበት ላይ አይጽፍም፤ ሕዋሳቱ እኩል እንዲያረጁ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳረጋገጡት፣ ለሃርድ ዲስክ የተሠሩት የነጠላ ፋይል ማጥፊያ ዘዴዎች በኤስኤስዲ ላይ ከሽፈዋል። ሃርድ ዲስክን ለማጽዳት የሚያገለግለው ኃይለኛ ማግኔትም እዚህ ዋጋ የለውም፤ መረጃው የተያዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነውና። የሚያዋጣው አምራቹ በዲስኩ ውስጥ ያስቀመጠውን የማጽጃ ትእዛዝ መጠቀም ነው። ከዚያም የሚሻለው ዲስኩን ከመጀመሪያው ቀን በምስጠራ መቆለፍ ነው፤ ቁልፉ ከጠፋ የሚቀረው ማንም የማያነበው ቁጥር ብቻ ነው።

ቸልተኝነት ትልልቆቹንም አስከፍሏል። የአሜሪካው የፋይናንስ ድርጅት ሞርጋን ስታንሊ አሮጌ መሣሪያዎቹን የማስወገዱን ሥራ በመረጃ ማጥፋት ልምድ ለሌለው የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ሰጠ፤ አንዳንዶቹ የደንበኞችን መረጃ እንደያዙ በኢንተርኔት ጨረታ ተሸጡ። የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2022 የ35 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለበት።

በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው መረጃ የያዘ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩን ለጨረታ ከማቅረቡ በፊት ዲስኩ ምን ዓይነት እንደሆነ ይለይ፤ በሚስማማው ዘዴ ያጽዳ፤ መጽዳቱን ይፈትሽ። የተበላሸና ለማጽዳት የማይታዘዝ ዲስክ ካለ ደግሞ ይሰባበር እንጂ አይሸጥ።