የታመቀ ግፊት፦ ነዳጅን የሚያቆይና የሚያስመልጥ ኃይል

ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ንብርብር አለቶች በየተራ ይገለጡልናል፦ ከላይ ባዛልት፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰምና የጭቃ ድንጋይ፣ ወደ ወንዙ ስንደርስ አዲግራት የተባለው የአሸዋ ድንጋይ። ይኸው የአሸዋ ድንጋይ በኦጋዴን ጥልቅ ተቀብሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በካሉብ የተገኘውን የተፈጥሮ ጋዝ ከያዙት አለቶች አንዱ ነው። እዚህ ግን ተገልጦ ፀሐይ ይሞቃል። የዚህን ልዩነት ትርጉም ለመረዳት ስለ ከርሰ ምድር ፈሳሽ ግፊት ጥቂት ማወቅ ያሻል።

የአለቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተያይዘው እስከ ምድር ገጽ ከዘለቁ፣ በውስጣቸው ያለው ውኃ የሚሸከመው የራሱን ክብደት ብቻ ነው፤ ግፊቱም በየ10 ሜትሩ በ1 አትሞስፌር ገደማ ይጨምራል። በ2,000 ሜትር ጥልቀት 200 አትሞስፌር ያህል ይሆናል ማለት ነው። ይህ መደበኛው ግፊት ነው። ነገር ግን ጭቃማ ደለል በፍጥነት ሲቀበር ውኃው መውጫ ያጣና የአለቱን ሸክም በከፊል ራሱ ይሸከማል። በዚሁ ጥልቀት የአለቱ ሸክም ወደ 450 አትሞስፌር ስለሚጠጋ፣ የውኃውም ግፊት ከ200 አልፎ ወደዚያው ሊያድግ ይችላል። ሙቀት የሕያዋንን ቅሪት ወደ ዘይትና ጋዝ ሲለውጥም ግፊቱ ይብሳል።

አንባቢያችን አፉ በጭቃ የተመረገ የጠላ ጋን ያስብ። ምርጊቱ ከጠነከረ ጋዙ ታምቆ ይቆያል፤ ግፊቱ ከምርጊቱ አቅም ካለፈ ግን ይሰነጥቀዋል። በከርሰ ምድርም የታመቀው ግፊት የአሸዋ ድንጋዩ ቀዳዳዎች እንዳይጨፈለቁ ይደግፋል፤ ዘይቱን ከተፈጠረበት አለት ወደ ማከማቻው ይገፋል። ልኩን ሲያልፍ ግን ክዳኑን ሰንጥቆ በሚሊዮን ዓመታት የተጠራቀመውን ያስመልጣል። ለቆፋሪም አደገኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከጉድጓድ ያመለጠው ዘይትና ጋዝ 11 ሠራተኞችን ገድሏል።

ወደ ዓባይ እንመለስ። ሸለቆው ንብርብሮቹን ቆርጦ ስለ ከፈታቸው፣ በገደሉ ፊት ያለው የፈሳሽ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ይስተካከላል፤ በዚያ ጋኑ ተሰብሯል። ከገደሉ ርቀን ወደ ደጋው ሥር ስንገባ ግን ጂፕሰሙና የጭቃ ድንጋዩ ክዳን ሊሆኑ ይችላሉ። በደቡብ ወሎ በወረ ኢሉ ዘይት በተፈጥሮ ሲመነጭ መታየቱ በዓባይ ተፋሰስ ነዳጅ መፈጠሩን ያመለክታል። ይህ ምልክት ብዙዎችን ያስደስታል፤ እኛ ግን በጥንቃቄ እናየዋለን። የመነጨው ዘይት ክዳኑ አንድ ቦታ ማፍሰሱንም ይነግረናልና። ደግሞም ዘይት ከውኃ ስለሚቀል፣ የታመቀ ግፊት ባይኖርም ቀዳዳ ካገኘ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱን የሚለየው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚወርድ የግፊት መለኪያ ነው።