ከማማው ትእዛዝ እስከ አብራሪው ክፍል፦ የበረራ 409 የመጨረሻ ደቂቃዎች

ከቤይሩት ከተማ በስተደቡብ በባሕሩ ዳርቻ የተዘረጋው የረፊቅ ሐሪሪ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ በምሥራቅ በሊባኖስ ተራሮች፣ በምዕራብ በሜዲትራኒያን ባሕር ይዋሰናል። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. በቤይሩት አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ላይ፣ ነጎድጓድና ዝናብ በበረታበት ጨለማ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ከዚሁ ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ። በአየር ላይ የቆየው ግን ለ4 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ብቻ ነበር። በቦይንግ 737-800 አውሮፕላኑ ተሳፍረው ከነበሩት 82 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች መካከል በሕይወት የተረፈ አልነበረም። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ሊባኖሳውያንና ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ፣ በሊባኖስ ቤቶች ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ እኅቶቻችንም ይገኙባቸዋል።

በአደጋው ማግስት የሊባኖስ የትራንስፖርት ሚኒስትር ጋዚ አል-ዓሪዲ፣ አብራሪው ከመቆጣጠሪያ ማማው የተሰጠውን አቅጣጫ ትቶ በሌላ አቅጣጫ መብረሩን ገለጹ። ነገሩ ከአብራሪው ቁጥጥር ውጭ ስለመሆን አለመሆኑ ገና እንደማይታወቅም አክለው ነበር። በሕዝቡ ዘንድ ጎልቶ የተሰማው ግን የመጀመሪያው ቃል ነው። «አብራሪው ትእዛዝ ጣሰ» የሚለው አነጋገር የበረራ መረጃ መቅጃው ከባሕር ከመውጣቱ በፊት ተሰራጨ።

ለመሆኑ በዚያች ሌሊት የተሰጠው ትእዛዝ ምን ነበር? ከአየር ማረፊያ የሚነሣ አውሮፕላን ሁሉ አስቀድሞ የተቀረጸ የመነሻ መሥመር ይሰጠዋል። መሥመሩ አውሮፕላኑን ከተራራና ከሌሎች በረራዎች ያርቀዋል። የበረራ ተቆጣጣሪዎች የአየሩን ጠባይና የሌሎቹን በረራዎች እንቅስቃሴ እያዩ ሊለውጡት ይችላሉ። በረራ 409ም በመጀመሪያ ላቴብ 1ዲ የተባለውን መሥመር እንዲከተል ተፈቅዶለት ነበር። ከመነሣቱ በፊት ግን እንደተነሣ ወደ ቀኝ ታጥፎ በቀጥታ ወደ ሸካ እንዲያመራ ተነገረው። ከተነሣ በኋላ አቅጣጫ 315 ዲግሪ፣ ቀጥሎም ከመጥፎው የአየር ሁኔታ እንዲርቅ 270 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ ወደ ባሕሩ፣ እንዲይዝ ተመከረ።

አውሮፕላኑ የተባለውን 315 ዲግሪ አልፎ ወደ ቀኝ መታጠፉን ሲቀጥል፣ ተቆጣጣሪው አሁኑኑ ወደ ግራ ተመልሶ 270 ዲግሪን እንዲይዝ አዘዘ። አብራሪዎቹ ትእዛዙን መቀበላቸውን አረጋገጡ፤ 270 ዲግሪንም በመሣሪያው ላይ ሞሉ። አውሮፕላኑ ወደ ግራ ታጠፈ፤ ነገር ግን 270 ዲግሪንም አልፎ ወደ ደቡብ አመራ። ወደ ቀኝ እንዲመለስ በተደጋጋሚ ሲነገራቸው አብራሪዎቹ ይመልሱ ነበር። በመጨረሻም በኃይል ወደ ግራ ታጥፎ ከራዳር ተሰወረ፤ ከማረፊያው በስተደቡብ ምዕራብ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆም ባሕር ውስጥ ወደቀ።

ከዚህ ቅደም ተከተል መገንዘብ የሚቻለው፣ አብራሪዎቹ ትእዛዙን ሰምተውና ተቀብለው ሳለ አውሮፕላኑ እንዳልታዘዘላቸው ነው። የሊባኖስ መርማሪዎች በጥር ወር 2004 ዓ.ም. ባወጡት የመጨረሻ ዘገባም የአደጋውን መንስኤ ከማማው ጋር በተፈጠረ አለመግባባት አላሳበቡም። አብራሪዎቹ ፍጥነትን፣ ከፍታን፣ አቅጣጫንና የአውሮፕላኑን አኳኋን በአግባቡ ባለመምራታቸው መቆጣጠር አቃታቸው ሲሉ ደመደሙ። ድካምን፣ የአብራሪዎቹን በዚያ ዓይነት አውሮፕላን የማብረር ልምድ ማነስና ዋናው አብራሪ የአቅጣጫ ስሜቱ ተዛብቶበት ሊሆን መቻሉንም አነሡ። አድማስ በማይታይበት ጨለማ የሰው የውስጥ ጆሮ ያታልላል፤ አውሮፕላኑ ተጋድሞ እየታጠፈ ሳለ ቀጥ ብሎ የሚበር ሊመስል ይችላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዘገባውን ወገንተኛና የተሟላ ማስረጃ የጎደለው ነው በማለት አልተቀበለውም። አውሮፕላኑ ተመትቶ፣ በሤራ ወይም በመብረቅ ሳቢያ በአየር ላይ ፈንድቶ ሊሆን እንደሚችልም ተከራከረ። ሁለቱ ወገኖች በዚህ ነጥብ ላይ አልተስማሙም።

ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ በዘገባው ውስጥ የሰፈረ አንድ ነጥብ ለኛ ኅብረተሰብ የተለየ ትርጉም አለው። ምክትል አብራሪው ሁኔታው ሲበላሽ ጣልቃ ለመግባትና መሪውን ለመረከብ ማመንታቱ ተጠቅሷል። በኛ ዘንድ ታላቅን በሰው ፊት ማረም እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ ይህም በማዕድና በጉባኤ ያስመሰግናል። በአብራሪ ክፍል ግን የአየር መንገዶች ደንብ ተቃራኒውን ያዛል፦ ዋናው አብራሪ ሲሳሳት ወይም ሲደክም ምክትሉ ይናገራል፤ ካልተሰማም መሪውን ይረከባል።

የማማው ተቆጣጣሪ በራዳሩ ስሕተቱን አይቶ ደጋግሞ ሊናገር ይችላል። መሪውን ለማቃናት የሚቀርበው ግን ከአብራሪው ጎን የተቀመጠው ባልደረባ ነው። ዛሬም በቤይሩትና በአዲስ አበባ መካከል ዘመድ የሚሸኝና የሚቀበል ሰው ሁሉ፣ ያ ባልደረባ ያለ ይሉኝታ እንዲናገር መሠልጠኑን ሊጠይቅ ይገባዋል።