አንድ እፍኝ አፈር ምን ይናገራል?

ቤት የሚጠርግ ሰው የጠረገውን አቧራ ሲያይ በቤቱ ማን እንደሚኖር ያውቃል። ድመቷ ተደብቃ ብትውል እንኳ ፀጉሯ ይመሰክርባታል። ዛሬ የምንገልጽላችሁ የምርምር ዘዴም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል።

በአገራችን የምናውቀው ባሕር ዛፍ መነሻው አውስትራሊያ ነው። በዚያች አገር ደቡብ ምሥራቅ፣ የተለያዩ የባሕር ዛፍ ዝርያዎች ተራርቀው የሚቆሙበት፣ ከሥራቸውም ሣርና አበባ የሚበቅልበት ሰፊ መሬት ነበር። አብዛኛው ለእርሻና ለግጦሽ ስለዋለ፣ በደህና ሁኔታ ላይ ያለው ከመቶ 5 እጅ አይሞላም። በ2006 እ.ኤ.አ. መንግሥት ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል መዘገበው። ከቀረው ብዙው በጎችና ከብቶች የሚሰማሩበት የገበሬ መሬት ነው። ታዲያ ከብቱም እየጋጠ፣ ሌላውም ፍጥረት ሳይጠፋ መኖር ይቻላልን?

ይህን ለማወቅ በመሬቱ ላይ ያለውን ፍጥረት መለየት ያስፈልጋል። ነገር ግን አንዳንዱ አበባ በጸደይ ብቻ ይታያል፤ አንዳንዱ እንስሳ በሌሊት ይወጣል፤ በአፈር ውስጥ ያለው ረቂቅ ሕይወት ደግሞ በዓይን አይታይም።

ሆኖም ፍጥረት ሁሉ ፀጉር፣ ቆዳ፣ እዳሪ ወይም የሥር ቁራጭ ይጥላል። በእነዚህ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለው የዘር መለያ ይገኛል። ተመራማሪዎች ከብዙ ቦታ ጥቂት ጥቂት አፈር ወስደው ዲ.ኤን.ኤ.ውን በላቦራቶሪ ይለያሉ። በኮሮና ጊዜ ብዙዎቻችን በተመረመርንበት በፒ.ሲ.አር. ዘዴ ያባዙትና ቀድሞ ከታወቁት ዝርያዎች መዝገብ ጋር ያስተያዩታል። ከዚያም አዘውትሮ የሚጋጠውን መሬት ከብት ካልገባበት ወይም በየጊዜው ከሚያርፈው ጋር ያነጻጽራሉ።

ሥራው ንጽሕና ይጠይቃል። ሽንኩርት የተከተፈበት ቢላ ሳይታጠብ ፍራፍሬ ቢቆረጥበት ሽታው እንደሚጋባ ሁሉ፣ የአንዱ ቦታ አፈር ከሌላው ቢነካካ ውጤቱ ይበላሻል። ስለዚህ ጓንት ይቀየራል፤ መሣሪያውም ይጸዳል።

ዘዴው ግን ሁሉን አይመልስም። ዝርያው መኖሩን እንጂ ቁጥሩ 10 ይሁን 1,000 በትክክል አይነግረንም። የሞተ ተክል ዲ.ኤን.ኤ. በአፈር ውስጥ ሊቆይ፣ የሩቁም በነፋስና በጎርፍ ሊመጣ ይችላል። በመዝገቡ የሌለ ዝርያም ስሙ አይታወቅም። በዚህ ውጤት ብቻ ተማምኖ «መሬቴ ደህና ነው» የሚል ገበሬ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ አፈሩ ቢመረመርም፣ በእግር ሄዶ በዓይን ማየት አይቀርም።