ከጦር ሠራዊት የተረፈ አሮጌ ካሚዮን፤ ጥገናውና ለንግድ ሥራ ማስማማቱ

ታላላቅ ጦር ሠራዊቶች ዕቃቸውን በአዲስ በሚተኩበት ጊዜ አሮጌውን በሐራጅ ይሸጡታል። ከሚሸጠውም ዕቃ ሁሉ የነጋዴን ዓይን ቀድሞ የሚስበው ካሚዮኑ ነው። ዋጋው ከአዲስ ካሚዮን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ፣ ሻንሲው ወፍራም፣ አሠራሩም ያልተወሳሰበ ስለ ሆነ ገዢው ትልቅ ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በሐራጅ የተከፈለው ገንዘብ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ካሚዮኑ ለጦር ሜዳ እንጂ ለንግድ መንገድ ስላልተሠራ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚጠገንና ምን እንደሚለወጥ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ኤም 35 የተባለው የአሜሪካ ጦር ካሚዮን ነው። ይህ ካሚዮን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ በሬዮ ኩባንያ ተሠርቶ ለሠራዊቱ የተሰጠ ሲሆን፣ በኋላ ካይዘር ጂፕና ኤ ኤም ጄኔራል የተባሉት ኩባንያዎችም ሠርተውታል። መንገድ በሌለበት ስፍራ የሚጭነው 2 ቶን ተኩል ያህል እንዲሆን ተወስኖለት፣ በደኅና መንገድ ላይ የዚያን እጥፍ እንዲጭን ተፈቅዶለታል። ሦስቱም አክስሎቹ ኃይል ስለሚቀበሉ በጭቃና በአሸዋ ውስጥ ለመሄድ ይችላል። ከዓይነቶቹም በብዛት ለገበያ የቀረበው ኤም 35 ኤ 2 የተባለው ነው።

የዚህ ካሚዮን ሞተር ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ጉልበቱም ወደ 130 የፈረስ ጉልበት የሚጠጋ ነው። ዋና ልዩነቱ በናፍጣ፣ በነጭ ጋዝና በጄት ነዳጅ፣ በችግርም ጊዜ በቤንዚን እንዲሠራ ሆኖ መታሰቡ ነው። ጦሩ ይህን የፈለገው በጦር ሜዳ የተገኘውን ነዳጅ ሁሉ ለመጠቀም ነበር። ነጋዴ ግን ይህን አይቶ ያገኘውን ዘይት ሁሉ ከነዳጅ ጋር ቢቀላቅል፣ ያልተጣራው ቆሻሻ የነዳጅ ፖምፓውንና የመርጫ አፎቹን ያበላሻል። ንጹሕ ናፍጣ የዚህም ሞተር ሁነኛ ምግብ ነው። ደግሞም ሞተሩ በደቂቃ ከ2,600 ዙር በላይ እንዳይሽከረከር የተወሰነ ነው። ሹፌሩ ይህን ወሰን አልፎ በቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ቢያስጮኸው ፒስቶኑን የሚይዘው ክንድ ተሰብሮ ሞተሩን ሊበሳው ይችላል።

ካሚዮኑ ከተገዛ በኋላ ሞተሩ ስለ ተነሣ ብቻ ወደ ሥራ ማሰማራት ታላቅ ስሕተት ነው። በመጋዘን ወይም በሜዳ ለብዙ ዓመት የቆመ ተሽከርካሪ ከሚሠራው ይልቅ ይበላሻል። ስለዚህ የጥገናው ቅደም ተከተል የሚያቆመውን ክፍል ማስቀደምና የሚያስኬደውን ማስከተል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው ፍሬኑ ነው። የኤም 35 ኤ 2 ፍሬን በስድስቱም የጎማ ቦታዎች ባለ ታምቡር ሲሆን፣ የፍሬኑን ዘይት የሚገፋው አንድ ዋና ፖምፓ ብቻ ነው። በኮምፕሬሰር የታመቀ አየር ይህን ግፊት ያጠነክረዋል። ችግሩ ዘይቱ የሚሄድበት መስመር አንድ መሆኑ ነው። ከቧንቧዎቹ አንዱ በዝገት ቢበሳ ወይም የአንዱ ጎማ ትንሽ ፖምፓ ቢያፈስ፣ የፊቱም የኋላውም ፍሬን በአንድ ጊዜ ይጠፋል። የእጅ ፍሬኑም ጎማዎቹን ሳይሆን ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ ብቻ የሚይዝ ስለ ሆነ፣ ጭነት የያዘን ካሚዮን በቁልቁለት ላይ ያቆማል ተብሎ አይታመንም። ስለዚህ አሮጌዎቹ የጎማ ቱቦዎችና የዛጉ ቧንቧዎች በሙሉ መለወጥ ይገባቸዋል። ከዚህም በላይ ዋናውን ፖምፓ ባለ ሁለት ክፍል አድርጎ የፊቱን መስመር ከኋላው መስመር መለየት በዚህ ካሚዮን ላይ ከሚደረጉት ለውጦች ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ነው። አንዱ መስመር ቢበጠስ ሌላው ይቀራልና።

ስለ ፍሬኑ ዘይትም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ጦር በ1980ዎቹ ዓመታት ተራውን የፍሬን ዘይት ትቶ በሲሊኮን ዘይት መጠቀም ጀመረ። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይዋሐዱም። መካኒኩ በውስጡ ያለው የትኛው እንደ ሆነ ሳያረጋግጥ ከገበያ የገዛውን ቢጨምርበት ፍሬኑን ያበላሸዋል። ከአሮጌ የፍሬን ሸራ የሚወጣው ትቢያም አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአየር ግፊት እየነፉ ማጽዳት ለሠራተኛው ሳንባ አደገኛ ነው፤ በውኃ እያረጠቡ ማጠብ ይሻላል።

ሁለተኛው ጎማ ነው። ኤም 35 ኤ 2 በፊት ሁለት፣ በኋላ ስምንት፣ በጠቅላላው 10 ጎማ ያስፈልገዋል፤ ትርፉ ሲታከል 11 ይሆናል። የጎማው ጥርስ ገና ያልተበላ መሆኑ ገዢን ሊያታልል አይገባም። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በቀር ያልሄደ ጎማ በእርጅና ብቻ ደርቆና ተሰንጥቆ ይገኛል። በጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያል፤ ከ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩት ላይ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ይህን ያመለክታሉ። ቸርኬውም ባለ ማቀፊያ ቀለበት ስለ ሆነ፣ ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ አየር ቢሞላ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ስለዚህ አየር የሚሞላው በብረት ሣጥን ውስጥ ተደርጎ፣ ሠራተኛውም ራቅ ብሎ ቆሞ መሆን አለበት።

ሦስተኛው የኤሌክትሪኩ ክፍል ነው። ይህ ካሚዮን የሚሠራው በ24 ቮልት ሲሆን ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ይያያዛሉ። ውኃ እንዳይገባው ተደርጎ የተሸፈነ ስለ ሆነ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ለ12 ቮልት የተሠራ ራዲዮ ወይም መብራት በቀጥታ ቢያያዝበት ይቃጠላል። ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ኃይል መሳብም ሁለቱን ባትሪዎች ያለ ጊዜያቸው ይገድላቸዋል፤ ስለዚህ ቮልቱን የሚቀንስ መሣሪያ መግጠም ይገባል።

ጥገናው ከተፈጸመ በኋላ ባለቤቱ ካሚዮኑን ለሥራው እንዲስማማ ሊለውጠው ይፈልግ ይሆናል። እያንዳንዱ ለውጥ አንድ ነገር ሲሰጥ ሌላ ነገር ይወስዳል። በኋላ ያሉትን ጥንድ ጎማዎች አስወግዶ በምትካቸው ሰፋፊ ነጠላ ጎማዎች መግጠም የጎማውን ቁጥር ከ10 ወደ 6 ያወርዳል፣ በጭቃም ላይ ይረዳል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት መቁጠር ግድ ይሆናል። ከፍ ያለ ጎማ መግጠም ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ካሚዮኑ እንዲፈጥን ያደርገዋል፤ ሆኖም የፍሬኑን ኃይል ይቀንሳል፣ የዳገት ጉልበቱን ያደክማል፣ የፍጥነት መቁጠሪያውንም ያሳስታል። አንዳንዶች ከኋላ አክስሎቹ አንዱን አውጥተው ሻንሲውን በማሳጠር ባለ አራት ቦታ ጎማ ያደርጉታል። እንዲህ የተደረገው ለመታጠፍ ቀላል ይሆናል፤ ነገር ግን ከሚጭነው ብዙውን ያጣል። መኪናው የተገዛው ዕቃ ለመጫን ከሆነ፣ ይህን ማድረግ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነው። በአንጻሩ መሪውን የሚያቀልል ረዳት ኃይል መግጠም ሹፌሩን ከድካም የሚያድን ስለ ሆነ ገንዘቡ በከንቱ የወጣ አይባልም።

በመጨረሻ ከብረቱ ያላነሰ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ወረቀቱ ነው። በአሜሪካ ከመንግሥት የተገዛ ተሽከርካሪ የባለቤትነት ደብተር የሚወጣለት ስታንዳርድ ፎርም 97 በተባለው የምስክር ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት ያልተሰጠው ካሚዮን በመንገድ ላይ ለመሄድ እንዲመዘገብ ማድረግ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ የሚረባው ለመለዋወጫ ዕቃ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አገር ለማውጣትም ለጦር በተሠራ ዕቃ ላይ የአሜሪካ መንግሥት የሚያደርገው ቁጥጥር ስላለ፣ ፈቃድ ያስፈልግ እንደ ሆነ ከሐራጁ በፊት መጠየቅ ይገባል። ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት የሚያስብም ነጋዴ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በወጣ ጊዜ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከአዲሶቹ ከፍ ያለ ታክስ እንደ ጣለ ማስታወስ አለበት። የተሽከርካሪ አገባብ ደንብ በየጊዜው የሚለወጥ ስለ ሆነ፣ ገንዘብ ከመላኩ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ከጉምሩክ ኮሚሽን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ብልህ ገዢ ሒሳቡን የሚጀምረው ከሐራጁ ዋጋ ሳይሆን ከፍሬኑ፣ ከጎማው፣ ከባትሪው፣ ከመርከቡ ኪራይና ከቀረጡ ድምር ነው። ይህ ድምር በደኅና ከተያዘ የንግድ ካሚዮን ዋጋ በጉልህ ካላነሰ መተው ይሻላል። ካነሰ ግን፣ ፍሬኑ በሚገባ ከታደሰ በኋላ፣ አሮጌው የጦር ካሚዮን ለብዙ ዓመት ባለቤቱን ሳያሳፍር ያገለግላል።