አስታማሚውንም እንጠይቅ

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ምክሩ በአብዛኛው ያተኮረው በታማሚው ላይ ነበር። ሕመማቸው ያልጸና ሰዎች በቤታቸው ተለይተው ሲቆዩ ግን ሸክሙ በአስታማሚው፣ አብዛኛውን ጊዜም በሚስት፣ በሴት ልጅ ወይም በምራት ላይ ያርፋል። በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌና በሌሎች የደቡብ ቆላ ከተሞች ይህችው ሴት ውኃ ታመላልሳለች፤ ልጆችና ፍየሎች ትጠብቃለች፤ ሌሊቱንም የታማሚውን ትንፋሽ ስታዳምጥ ታነጋለች። ጎረቤት ቡና ለመጠጣት መግባቱን ሲያቆም ጭንቀቷን የምታካፍለው ሰው አይኖራትም።

ድካምና ብቸኝነት ሲደራረቡ ራስን ወደ ማጥፋት ሐሳብ ሊያደርሱ ይችላሉ። ይህ የእምነት ጉድለት ወይም የቤተሰብ ውርደት አይደለም፤ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎችን ሕይወት የሚያሳጣ፣ ነገር ግን ሊከላከሉት የሚቻል የጤና ችግር ነው። «ብሞት ሁላችሁም ታርፋላችሁ» ማለት፣ ልጆችን ለሌላ ሰው አደራ መስጠት፣ እንቅልፍና ምግብ ማጣት፣ ከብርቱ ጭንቀት በኋላ በድንገት ጸጥ ማለት እንደ ተራ ድካም ሊታለፉ አይገባም።

ብዙዎች «ከጠየቅኋት ሐሳቡን አመጣባታለሁ» ብለው ይፈራሉ። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ እንዲያውም ያቀላል። በስልክ፣ ወይም አፍና አፍንጫን ሸፍኖ በሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት ከደጅ ሆኖ፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ሰዓት «እህቴ፣ በጣም ደክሞሻል። ራስሽን ስለ ማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ማለት ይበቃል። ከዚያም ማዳመጥ ነው። «በርቺ፣ ሌላውም ችሎታል» የሚለው ማጽናኛ አፏን ያዘጋል። ምሥጢሩን ለማንም አልናገርም ብሎ ቃል መግባትም አይገባም።

መልሷ «አዎ» ከሆነ ብቻዋን አትተዋት። የተባይ ማጥፊያ፣ የከብት መዥገር መድኃኒትና በቤት የተከማቸ ክኒን ወደ ሌላ ቤት ተወስዶ ይቆለፍበት፤ ብርቱው ስሜት ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ስለሚበርድ እስከዚያ ድረስ ጊዜ መግዛት ሕይወት ያተርፋል። በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መንገር፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያለው አዲስ አበባ ነው፤ የመጀመሪያውን እርዳታ ግን እዚሁ ማግኘት ይቻላል። አንዳች ነገር ከዋጠች ወተት ማጠጣትና ማስታወክ ሊጎዳ ስለሚችል ዕቃውን ይዞ ወዲያው ወደ ሕክምና መሮጥ ይገባል።

ሐሳቡ እስኪመጣም መጠበቅ የለብንም። በቦረናና በጉጂ ከብቱ ያለቀበትን ወገን በቡሳ ጎኖፋ ሥርዓት መርዳት የቆየ ልማድ ነው። ጉልበቷ ላለቀባት አስታማሚም ይኸው ልማድ ቢደርስላት ተገቢ ነው። አንዱ ውኃ ያምጣ፣ ሌላው ፍየሎቹን ይጠብቅ፤ ጤናማ የሆነ የቤተሰብ አባል ደግሞ ጥንቃቄውን ጠብቆ ሌሊቱን ይተካት። አንድ ሙሉ ሌሊት መተኛት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ታማሚው ካረፈ አስታማሚዋ የባሰ አደጋ ላይ ልትሆን ትችላለች፤ «ባላስታምመው ይሻል ነበር» የሚል ጸጸት ብቻዋን ሊያገኛት ይችላል። ስለዚህ ስልኩ ከቀብር በኋላም ለሳምንታት አይቋረጥ። በ8335 እና በ952 ነፃ መስመሮች ደውሎ ምክር መጠየቅ ይቻላል።