ከፍተኛ ሊግ፦ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ሲታይ

በ2015 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ሦስት የእግር ኳስ ክለቦች ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አብረው አደጉ፦ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማ እና የዱራሜው ሀምበሪቾ። በዓመቱ ንግድ ባንክ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። ሻሸመኔና ሀምበሪቾ ወረዱ። ሦስቱም የተመዘኑት በአንድ ሊግ፣ በአንድ ዓመት ነበር፤ ሦስቱም ምድባቸውን በአንደኝነት ጨርሰው ነው ያለፉት። የሚለያዩት በደጀናቸው ነው። አንዱን የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ይቀልበዋል፤ ሁለቱ ግን የሚኖሩት የመንገድ ጠጠርም የውኃ ቧንቧም ከሚጠበቅበት የከተማ ካዝና ነው። በ2014 ያደገው ኢትዮጵያ መድን ደግሞ በ2017 ሻምፒዮን ሲሆን የባንኩ ነገር የአጋጣሚ ጉዳይ እንዳልነበር ግልጽ ሆነ። ስለ ከፍተኛ ሊግ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ አሰላለፍ ሳይሆን ደመወዙን ማን ይከፍላል ብሎ ይመስለኛል።

ከፍተኛ ሊግ ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ የሚገኘው ሁለተኛው እርከን ነው። ከሥሩ አንደኛ ሊግ አለ፤ ከዚያም በታች ክልሎች የሚያካሂዷቸው ውድድሮች። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2012 ወዲህ በአክሲዮን ማኅበር ሲተዳደር ከፍተኛ ሊጉ ግን በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ እጅ ቀርቷል። ክለቦቹ በምድብ ተከፍለው በሁለት ዙር ይጫወታሉ፤ የምድቡ አንደኛ ያድጋል። ሕጉ ግን በየጊዜው ይነካካል፦ በ2011፣ በ2013፣ በ2014 እና በ2015 ሦስት ሦስት ክለቦች ሲያድጉ በ2016 በሩ ጠብቦ ያለፉት አርባ ምንጭ ከተማና ኢትዮ ኤሌክትሪክ ብቻ ናቸው። ሁለተኛ መውጣት እዚህ ሊግ ውስጥ የሚያበላ ነገር አይደለም። ስምንትና ዘጠኝ ወር ተለፍቶ በአንድ ነጥብ የቀረ ክለብ ሐምሌ ላይ ከዜሮ ይጀምራል፤ ያውም ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾቹን ተነጥቆ።

የጉራጌ ከተሞች ይህን ሊግ ከሁለት አቅጣጫ ያውቁታል። ከዘቢዳር ተራሮች በስተ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ ላይ ወልቂጤ አለች፤ ከተራሮቹ በስተ ምሥራቅ፣ የሆሳዕና መንገድ የሚያልፍባት ቡታጅራ። በ2015 ክረምት የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆና ከወልቂጤው ዞን ተለይታለች፤ በኳሱ ግን ድሮም የየራሳቸው ክለብ ነበራቸው። ቡታጅራ ከተማ በከፍተኛ ሊግ ምድቦች ውስጥ ስሙ የሚታወቅ ክለብ ነው። ወልቂጤ ከተማ ደግሞ፣ ደጋፊዎቹ «ሠራተኞቹ» የሚሉት፣ በ2011 ከሰበታ ከተማና ከሀዲያ ሆሳዕና ጋር ወደ ላይ ወጣ።

የወጣበትን ዓመት መርጦ የወጣ አይመስልም። 2012 በኮቪድ ምክንያት ሳያልቅ ተሰረዘ። በ2013 ፕሪሚየር ሊጉ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረና ክለቦቹ ሁሉ እየተሰባሰቡ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ዙሩን እየተካፈሉ ተጫወቱ። ስለዚህ የወልቂጤ ሰው ክለቡ ቅዱስ ጊዮርጊስን ወይም ቡናን ሲገጥም ማየት ከፈለገ ወይ ሻንጣ ማዘጋጀት ነበረበት፣ ወይ ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት መግባት። የዚያን ዓመት ወልቂጤ ከሠንጠረዡ ግርጌ ሦስት ክለቦች አንዱ ሆኖ ጨረሰ። የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ያልተጫወቱበትን ቦታ ለመሙላት በተዘጋጀው የማሟያ ውድድር ግን ከከፍተኛ ሊግ ከመጡት ጋር ተጋጥሞ ተረፈ።

ከዚያ የመጣው ዓመት ለከተማዋ የማይረሳ ነው። ጌታነህ ከበደ ወደ ወልቂጤ መጣ። በ2009 በደደቢት ማልያ 25 ጎል አግብቶ ኮከብ ጎል አግቢ የሆነው፣ በብሔራዊ ቡድኑ ታሪክ ከፍተኛ ጎል ካስቆጠሩት ግንባር ቀደሙ ሰው። ጥር 2014 ካሜሩን ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ዋልያዎቹ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ባፉሳም በሚገኘው ኩዌኮንግ ስታዲየም 1 ለ 1 ሲለያዩ ከዕረፍት መልስ ፍጹም ቅጣት ምቱን መትቶ ያስቆጠረው እሱ ነው፤ በተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ከስሙ ጎን የተጻፈው ክለብ ደግሞ ወልቂጤ ከተማ። ከሦስት ዓመት በፊት በከፍተኛ ሊግ ሲማስን ለነበረ ክለብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ታችኛው ሊግ እንውረድ። ከፍተኛ ሊግም እንደ ላይኛው አንድ ከተማ ላይ ተሰብስቦ መጫወትን ለምዷል። ክለቡ ሃያ ምናምን ተጫዋች፣ አሰልጣኞችና የሕክምና ባለሙያ ይዞ አንድ ሆቴል ይገባል፤ ለሳምንታት እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል። በአንድ ሜዳ ላይ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ጨዋታ ይደረጋል። ጠዋት የተጫወቱት ማልያቸውን አውልቀው ሲወጡ ተረኞቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በሜዳው ዳር ይጠብቃሉ። አምቡላንስ ካልደረሰ ጨዋታው አይጀመርም፤ ኮሚሽነሩ ሰዓቱን እያየ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ዳኞቹ በፀሐይ እያሟሟቁ ይቆያሉ። ከሰዓት በኋላ ላይ ሣሩ በሦስት ጨዋታ ተረግጦ ግብ ክልሉ አካባቢ አፈር ብቻ ነው፤ ኳስ ተቆጣጥሮ ለመጫወት የተዘጋጀ ቡድን እዚያ ሜዳ ላይ በረጅም ኳስ ይቀየራል። ተመልካቹ የዚያው ከተማ ሰው ነው፤ ለማንም አያደላም፣ ጥሩ ነገር ሲያይ ያጨበጭባል፣ ሲሰለቸው ይሄዳል።

የቡታጅራ ደጋፊ ያን ጊዜ የት ነው? ሥራው ላይ። ውጤቱን በስልኩ ነው የሚያየው። እንደ ሶከር ኢትዮጵያ ያሉ ገጾች የታችኛውን ሊግ ባይዘግቡ ኖሮ ማን እንዳገባ እንኳ የሚነግረው ባልነበረ። ክለቡ የከተማውን ስም ይዞ፣ በከተማው ግብር ታግዞ፣ ዓመቱን ሌላ ሰው ከተማ ውስጥ ይጨርሳል። የስታዲየም መግቢያ የሚባል ገቢ የለውም፤ ሻይ የምትሸጠውም፣ ማልያ የሚያዞረው ልጅም ከጨዋታው የሚያገኙት የለም። እኔ የዚህ ሊግ ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው ባይ ነኝ፤ ከሜዳው ጥራትም፣ ከዳኝነቱም በላይ።

ገንዘቡ ደግሞ የራሱ የዘመን አቆጣጠር አለው። የከተማ አስተዳደር በጀት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ክረምት ላይ ካዝናው ሙሉ ነውና ዝውውሩ ይሞቃል፤ የአንድ ዓመት ውል የበዛበት ገበያ ስለሆነ ቡድኑ በየዓመቱ ግማሽ በግማሽ አዲስ ነው። ሁለተኛው ዙር ሲጋመስ ብሩ ይሳሳል። የሆቴል ዕዳ ይቆለላል፣ ደመወዝ አንድ ወር፣ ሁለት ወር እያለ ይዘገያል፤ ተጫዋቾች ልምምድ አንሠራም ይላሉ፤ ክሱ ለፌዴሬሽኑ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀርባል፤ ያልከፈለ ክለብ አገልግሎት እንዳያገኝ ይታገዳል። ይህ የአንድ ከተማ ታሪክ አይደለም፤ በከተማ አስተዳደር የሚተዳደሩ ክለቦች በየተራ የሚያልፉበት ነው።

ጉራጌ አገር ላይ ይህ የገንዘብ ችግር ይበልጥ ያስገርማል። በ1950ዎቹ መንገዱን በራሱ መዋጮ ማሠራት የጀመረ ሕዝብ ነው። ከመርካቶ እስከ ውጭ አገር የተበተነው ነጋዴ ለመስቀል ወይም ለአረፋ አገሩ ይገባል፤ ክትፎው ሲቀርብ ስለ ትምህርት ቤትም ስለ ጤና ጣቢያም መዋጮ ይነሳል። ግን መስቀል የሚውለው ሊጉ ከመጀመሩ በፊት ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ከተማው ውስጥ በሚሆንበት ሰሞን ቡድኑ ገና ዝግጅት ላይ ነው፤ የወዳጅነት ጨዋታ እንኳ አዘጋጅቶ እንግዳውን ሜዳ ማስገባት ብዙም አልተለመደም።

ወልቂጤ ከተማ በ2016 ፕሪሚየር ሊጉ ላይ ነበር፤ ያን ዓመት የወረዱት ሻሸመኔና ሀምበሪቾ እንጂ እሱ አይደለም። የ2017ቱ ሊግ በ18 ክለቦች ሲካሄድ ግን ስሙ አልነበረበትም። ከሜዳ ውጭ በሆነ ምክንያት ከሊግ መጥፋት በእኛ አገር ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። በስኮትላንድና በእንግሊዝ ድንበር ላይ ግሬትና የምትባል ሦስት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ አለች። ክለቧ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ስኮትላንድ ሊግ ዝቅተኛ ዲቪዚዮን ገባ፤ ብሩክስ ማይልሰን የተባለ ባለሀብት ገንዘብ አፈሰሰበትና በ2005፣ በ2006 እና በ2007 ተከታትሎ አደገ። በ2006 የስኮትላንድ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በሃርትስ የተረታው በፍጹም ቅጣት ምት ነው። ላይኛው ሊግ ሲገባ ሜዳው መስፈርቱን ስላላሟላ የሜዳውን ጨዋታ ሩቅ በሚገኘው የማዘርዌል ስታዲየም ማድረግ ነበረበት፤ አንድ ቀን 431 ሰው ብቻ ገብቶ አየው። ባለሀብቱ ታመመ፣ ገንዘቡ ቆመ፣ በ2008 ክረምት ክለቡ ከሊጉ ወጥቶ ፈረሰ። ደጋፊዎቹ በዚያው ዓመት ግሬትና 2008 የሚል ክለብ አቋቁመው ከታች ጀመሩ፤ ኋላም ወደ ራሳቸው መንደር ሜዳ ተመለሱ።

እኛ ጋ ደግሞ ካርታውን ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቡታጅራ፣ ወራቤ፣ ሆሳዕና፣ ሀላባ፣ ዱራሜ ተቀራርበው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። ምድቡ በአካባቢ ቢደለደል አንድ ቡድን ጠዋት ተነስቶ፣ ተጫውቶ፣ ማታ ቤቱ ይገባ ነበር፤ የሳምንታት የሆቴል ሒሳብም ወደ አንድ አውቶቡስ ነዳጅ ይወርድ ነበር። የሚቀርበው መከራከሪያ የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጋጠም ድንጋይ ይወረወራል ይባላል፤ ተወርውሮም ያውቃል። ለዚያ ግን ፖሊስ ማቆም፣ ያጠፋን ሜዳ ለተወሰነ ጨዋታ መዝጋት፣ ደጋፊ ማኅበሩን በኃላፊነት መጠየቅ ይቻላል። የመስቀል እንግዳ በጥር ተመልሶ እንዲመጣ ከተፈለገ ጨዋታው ቢያንስ ቡታጅራ ላይ መሆን አለበት።